ስለ ቅድስት ተጠይቄ ስለ ኪያር የጻፍኩት

እህቴ ቅድስት ፋሲካ በወጣ በሳምንቱ በአጭር ሕመም አረፈች። የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ የሺ ዱባይ ነው የሚሠሩት፤ የቅድስት የክርስትና እናት ናቸው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በወረቀትም አይጻፍም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ይቆማል። እትዬ የሺ ግን ባዕድ አገር ናቸው። ስለዚህ አባቴ አለሙና የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረየሱስ ተመካክረው፣ ለመስቀል ሲመጡ እዚሁ ቤታችን ሆነው መርዶውን ይረዱ ብለው ወሰኑ። እስከዚያው ድምፅ ያጋልጣል ተብሎ የቤቱ ስልክ ሁሉ ተዘጋ። ደብዳቤ መመለሱ ለእኔ ተሰጠ። «አንተ ዝም ማለት ትችላለህ» ተባልኩ። የጻፍኩትን አስተማሪዬ መምህር ባዩ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ይልኩልኝ ነበር። እትዬ የሺም ስልክ ላይ መነካካት ስለማይወዱ በእጃቸው ጽፈው ፎቶውን ይልካሉ።

ይሻው አለሙ፣ ደብረ ታቦር


ዱባይ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክርስትና ልጄ ለቅድስት፣ ለወንድሟ ለይሻው፣ ለእህቴ ለፈንታነሽና ለአለሙ፤

እንዴት ከርማችኋል? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ደጁ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ሙቀቱ ግን ጀምሯል፤ ከበር ወጥቼ አውቶቡሱ ጋ እስክደርስ እንደ ቅቤ ቀልጬ አልቃለሁ።

መጀመሪያ ወቀሳዬን ልጨርስ። የአለሙ ስልክ ጉድጓድ ገባ አላችሁኝ፤ እሺ። የፈንታነሽ ባትሪው አበጠ አላችሁኝ፤ እሺ። ቅድስትዬ፣ ያንቺስ? በአንድ ቤት ስልክ ሁሉ ተራ በተራ የሚያልቀው ቸነፈር ገብቶ ነው? የመምህሩን ቁጥር ያገኘችልኝ አብራኝ የምትኖረው ማሬ ናት። የእብናት ልጅ ናት፤ የማታውቀው ሰው የለም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት ቻይናዊት ናት፣ ማዳም ሊን እንላታለን። ሙቀቱ ሲብስ ሰው ሁሉ ትኩስ ነገር ይጠላና የኪያር ሰላጣ አምጡ ይላል። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም። ማዳም ሊን አንዲት ሴት ልትጨምር ነው። ስለ ቅድስት ነገርኳት። «እጇን አሳዪኝ» አለች፤ ሥራዋን ማለቷ ነው። ስለዚህ ቅድስት ተለማመጂና ፎቶ ላኪልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጫጭንና ጠንካራ ኪያር ትመርጫለሽ። አትላጪው። መክተፊያ ላይ ታጋድሚውና በሰፊ ቢላዋ ጠፍጣፋ ጎን ትመቺዋለሽ፤ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። በእጅሽ ቆራርሰሽ ጨው ትነሰንሺበታለሽ፤ ውሃውን ሲተፋ ትደፊዋለሽ። ከዚያ የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ቆንጠር ስኳር፣ የአኩሪ አተር ውሃ፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ። ሚጥሚጣ እንደ አንጀትሽ። ከላይ የታመሰ ሰሊጥ። በረዶ ላይ ታቆዪውና ቀዝቀዝ እንዳለ ይበላል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው። «ለምን አንከትፈውም?» ብላት ማዳም ሊን ምን አለችኝ? «የተከተፈ ኪያር ቅመሙ ከላዩ ይንሸራተታል፤ የተሰበረው ነው የሚጠጣው።»

ቅድስት ራሷ እንድትመልስልኝ። ይሻው፣ አንተ ፎቶውን አንሣላት።

ክፉ አይንካችሁ። እህታችሁና እናታችሁ የሺ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺ፤

በሰው አገር ያለ ጠባቂ አይተውዎት እያልኩ ከእግርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን እያልን አለን።

ስለ ስልኮቹ የጻፉት ደርሶናል። ስለ ቅድስት ላሉት፣ ኪያሩን በተመለከተ ብዙ የምነግርዎት አለኝ።

እዚህ ኪያር ማግኘት ቀላል አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ከወረታ በኩል ያመጣች አንዲት ሴት አገኘሁ። ስገዛት «ለምን በሽታ ነው?» አለችኝ። ለሰላጣ ስላት አዘነችልኝ።

ሰፊ ቢላዋ የለንም። ምቱት ስላሉ ዘነዘና አነሣሁ። የመጀመሪያው ኪያር ሁለት ሆኖ ግማሹ ጣሪያ ላይ ተለጠፈ። ግማሹ በበሩ ወጥቶ ደጅ የተቀመጡ ከገሳይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጭን ላይ ዐረፈ። ሽማግሌው አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ይህን ልጅ ምን ነካው?» አሉ። አባቴ «ተውት» አላቸው። እሳቸውም ተዉኝ፤ ኪያሩን ግን አልመለሱልኝም፣ በሉት።

የአኩሪ አተር ውሃ ያሉትን፣ አኩሪ አተር ቀቅዬ ውሃውን ወሰድኩ። እውነቱን ለመናገር እግር የታጠቡበት ይመስላል። የሰሊጥ ዘይት ስላላገኘሁ የኑግ ዘይት አደረግሁ። በረዶ ላይ አቆዩት ብለዋል፤ እትዬ፣ ረስተውት ካልሆነ ደብረ ታቦር ራሷ ማቀዝቀዣ ናት። መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ስመለስ ኪያሩም እኔም እንንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዶቹ አንድ አንድ ቆንጠር አደረጉ። አንዷ እናት ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ጣደው እንጂ፤ ገና ጥሬ ነው» አሉኝ። እናቴ አልቀመሰችም።

ፎቶው ላይ ሳህኑ ብቻ ነው የሚታየው። እጅ አልገባበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ይሻው


ዱባይ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻውዬ፣ የኔ ጌታ፤

ጤናህን፣ ትምህርትህን፣ ዕድሜህን ይስጥህ። አስቀኸኝ አስቀኸኝ ማሬ ውሃ አቀረበችልኝ። ዘነዘና? ሰላጣ ልትሠራ ነው ወይስ ሽፍታ ልትመልስ? ፎቶውን ለማዳም ሊን አሳየኋት። ስልኩን አዙራ አዙራ አየችና «ይህ በምን ሞተ?» አለችኝ። ስለዚህ አልተቀጠራችሁም።

የአኩሪ አተር ውሃ ማለት በጠርሙስ የሚሸጠው ጥቁሩ ነው፣ ጨዋማው። ባሕር ዳር ትልልቁ ሱቅ አይጠፋም። ዘነዘናውን ለእናትህ መልስና ጠፍጣፋ ነገር ፈልግ። አንድ ጊዜ ብቻ ምታው፤ እንደ ተቆጣ ሰው አይደለም፣ እንደ መከረ ሰው።

ይሻው፣ አሁን ሳቁን ልተወውና። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። «ቅድስት ሰላም ብላለች» የሚል ቃል ፈለግሁ። የለም። ደግሞስ በግንቦት፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ባለበት ጊዜ፣ የገሳይ ሽማግሌ እናንተ ደጅ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?

ተቆጥታኝ ነው አይደል? ዐውቄዋለሁ። ባለፈው ዓመት እኔም ዱባይ ልምጣ ስትለኝ «አርፈሽ ተማሪ፣ እዚህ የሚጠብቅሽ መጥረጊያ ነው» ብዬ ጮኽኩባት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ በኋላ አወራን፣ ሳቅን፤ ግን ቅድስት ቂም እንደ ሽሮ ነው የምታስቀምጠው፣ ለክፉ ቀን። ስንት ሌሊት አሰብኩት። ይህን ሥራ የፈለግሁላት አፌን ለመካስ ነው። በላት። ይቅር በይኝ ብላለች በላት። እሷ ባትጽፍ እንኳ የምትለውን ጻፍልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

የእግሯን ቁጥር ላክልኝ። ጫማ አይቻለሁ፣ ቀይ፣ እሷን የሚመስል።

አክስትህ የሺ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሺ፤

ለጤናዎ እየጸለይን አለን። የዘገየሁት ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው። ፊዚክስ ከበደኝ፤ ሌላው ደህና ነው።

ቅድስት አልተቆጣችዎትም። ይህን በእግዚአብሔር ስም እጽፍልዎታለሁ። ስለ እርስዎ ክፉ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ጫማውን ግን እባክዎ አይግዙ። የእግሯን ቁጥር ላሉት፣ የዚህ ሳምንት ኪያር አንድ ስንዝር የሚሆን፣ ቀጥ ያለ፣ ከቀድሞው በጣም የተሻለ ነው።

መምህር ባዩ ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደው ጥቁሩን ጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ። ጽሕፈቱን ማንም ማንበብ አልቻለም። መለያው ላይ መርከብ ተሥሏል። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ቄስ ገብረየሱስ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡት።

«ዓሣ አለበት?» አሉኝ።

«ኧረ የለበትም አባ፣ አኩሪ አተር ነው።»

«ታዲያ መርከቡ ምን ያደርጋል?»

«ጌጥ ነው መሰለኝ።»

«መርከብ ባለበት ዓሣ አይጠፋም» አሉ። አባቴ «እኛ ቤት የፈረስ ሥዕል ያለበት ክብሪት አለ፤ ፈረስ ግን የለንም» አላቸው። ቄስ ገብረየሱስም ጣታቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። «ጨው ነው» አሉ፤ «ጨው የጾም ነው»። ከዚያ መክተፊያው አጠገብ ተቀምጠው አልተነሡም።

ለመምቻ የአባቴን የአካፋ ብረት አጥቤ ተጠቀምኩ። እንደ መከረ ሰው መታሁት። ጧ አለ። ጎረቤት መጥታ በአጥር ላይ «ማን ነው ማንን የሚመታው?» አለች። ቄስ ገብረየሱስ «ይሻው ነው፣ ኪያሩን» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ በእኔ በኩል ስታልፍ ታማትባለች።

በረዶም አገኘሁ! ጨው ነስንሼ ውሃውን እየጠበቅሁ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ እንደ ባቄላ። የሰው ገብስ ሲመታ ማዘን ሲገባኝ ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ባልዲውን ራሴ ላይ ደፍቼ ወጥቼ ባልዲውን ሞልቼ ተመለስኩ። ሳህኑን በረዶው ላይ አስቀመጥኩት።

እናቴ በላች። መጀመሪያ ከሩቅ አየችው። ከዚያ መጥታ በጣቷ አንድ አነሣች። ከዚያ ደገመች። አባቴ እንዳያስደነግጣት ወደ ግድግዳው ዞረ። ቄስ ገብረየሱስ ሳህኑን ወደ እሷ ገፉትና ሌላ ወሬ ጀመሩ። ብዙ በላች እትዬ። እናቴ በላች። ለማዳም ሊን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

ፎቶው ይኸው።

ይሻው


ዱባይ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እልል በሉ!

ለሁላችሁም፤ ሰላምታውን ከእልልታው በኋላ ውሰዱልኝ። ማዳም ሊን ፎቶውን አየች። አሳነሰች፣ አተለቀች፣ መነጽር አደረገች። «ይህች ልጅ ትዕግሥት አላት» አለች። ስንጥቁን አይታ ነው! «አንድ ጊዜ ነው የመታችው» አለች። ቅድስት ተቀጠረች! ትዕግሥት አላት ያለችውን ስሰማ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ቅድስትና ትዕግሥት!

ፓስፖርት ባለፈው ዓመት አውጥታለች። ገጹን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ የቪዛውን ጉዳይ ማዳም ሊን በወሩ መጨረሻ ታስጀምራለች። አልጋም ተገኝቷል፣ ከማሬ ትይዩ። ማሬ መጋረጃ ሰፍታላታለች። ጫማውን ገዛሁት። ቁጥሩን ባትነግሩኝ በግምት ገዛሁት።

አሁን ይህን ለብቻህ አንብበው። ይሻው፣ አንድ ነገር ይዛችሁብኛል። እናቴ በላች፣ እናቴ በላች፣ ደግሞ እናቴ በላች። ሰው አይበላም እንዴ? አባትህ ለምን ወደ ግድግዳ ዞረ? ፈንታነሽ ናት የታመመችው አይደል? ቅድስት የማትጽፍልኝ እናቷን ይዛ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየተንከራተተች ነው? እንዲያ ከሆነ ንገሩኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም። የእህቴን ሕመም መሸከም አያቅተኝም። የማልሸከመው ይህን ዝምታ ነው፤ ኪያር እየመታሁ በየምቱ ማናት፣ ማናት እላለሁ።

ስልኬ ላይ ችግር ካለ በማሬ ቁጥር ጻፍልኝ።

የሺ


ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለማሬ፤

አታውቂኝም። የእትዬ የሺ የእህት ልጅ ይሻው ነኝ። ይህን ስታነቢ እሳቸው አጠገብሽ ካሉ ስልኩን ደብቂና ቆይተሽ አንብቢው።

እህቴ ቅድስት ሞታለች። ከፋሲካ በኋላ ነው። ይህን ቃል በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ፊደሉ የተንጋደደው ለዚህ ነው።

እትዬ የሺ ለመስቀል ሲመጡ ይረዱ ተብሎ ነበር። ግን አሁን ለሞተች ልጅ ቪዛ ሊወጣ ነው። አንቺም መጋረጃ ሰፍተሻል። ደግሞ ተቆጥታኝ ነው እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ እናቴ ታማለች እያሉም ይጨነቃሉ። አባቴን ጠየቅሁት። «መስቀል ቅርብ ነው፣ አንተ ልጅ ነህ» አለኝ። ቄስ ገብረየሱስን ጠየቅኋቸው። «መርዶ በሰው አፍ ነው፣ በወረቀት አይሆንም» አሉኝ። «ሰውማ እዚያም አለ አባ» አልኳቸው። ጢማቸውን አሹና «አባትህን ለእኔ ተወው» አሉኝ።

ስለዚህ አንቺ አርጂልኝ። እንዲህ ይሁን። ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ። ብቻሽን አትሁኚ፤ የቻልሽውን ያህል ሰው ሰብስቢ። የእብናት ሰው ባይገኝ የወሎም የሸዋም ይሁን፣ ማልቀስ ከቻለ ይበቃል። ከግራና ከቀኝ ጠንካራ ሴቶች ይቁሙ። እትዬ የሺ ሲወድቁ ከባድ ናቸው፤ አያቴ ያረፉ ጊዜ የያዟቸውን ሦስት ሰዎች ይዘው ነው የወደቁ። ቢላዋ ካለበት ቦታ አይሁን። ውሃ አዘጋጁ። የሺ፣ የሺ እያላችሁ በስማቸው ጥሯቸው፤ እህቴን ስትሸኝ ራሷን የሳተችውን እናቴን የመለሳት ስሟ ነው።

ተሠቃየች ወይ ካሉ፣ ሕመሙ አጭር ነበር በያቸው፤ እውነት ነው። ተቆጥታኝ ነበር ወይ ካሉ፣ አልተቆጣችም በያቸው፤ እሱም እውነት ነው። ይሻው ለምን ዋሸኝ ካሉ፣ አንድም ቃል አልዋሸም፣ ስለ ኪያር ነው የጻፈው በያቸው። እሱ ላይ ከተቆጡ ይቆጡ።

ለማዳም ሊንም ንገሪያት። እንዳትከፍል።

ይሻው አለሙ


ዱባይ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻው፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። እግዚአብሔር ያጽናን። እህትህን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለቀስተኛው እስኪበተን ነው የቆየሁት።

በሩ ሲንኳኳ ፖሊስ መሰለኝ። ማሬ አልጋዋ ላይ የለችም። ከፈትኩ። ኮሪደሩ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በመካከላቸው አንዲት ብቻ ነጠላዋን እንደ ሙሽራ አጣፍታ ቆማለች፤ ማዳም ሊን። ተውሳ ነው፤ አለባበሱን የነገራት የለም። እሷን ሳይ ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ የማሬን ዓይን አየሁ። ሰው ጎህ ሲቀድ ለደስታ አይመጣም። «ማናት?» ብቻ ነው ያልኩት።

ወደቅሁ። ያዙኝ። ከባድ ናቸው ብለህ የጻፍከውን በኋላ ማሬ አሳየችኝ፤ ስመጣ ጆሮህን አዘጋጅ። ግን ደግ አደረግህ። አንዷ በእርግጥ ወድቃለች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ ክርኗ ተልጧል። በሰው አገር ይህን ያህል ክንድ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እስከ መስቀል ቆይቼ እዚያ መጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ በመንገድ ሁሉ ስለ ጫማው እያሰብኩ እየሳቅሁ ነበር የምመጣ። ያም ሆኖ አባትህን ይቅር አልኩት፤ አንተን ግን አመሰገንኩህ።

ማዳም ሊን ልቅሶ አትችልም። ማሬ በጎን ጎሸም አድርጋ «አልቅሺ» አለቻት። «እንዴት?» አለች። አሳየቻት። ከጀመረች በኋላ ግን ማን ያስቁማት! ለካ እናቷ አገሯ ሞተውባት ሳትቀብር ቀርታለች። በመጨረሻ እኔ ራሴ ተነሥቼ አጽናናኋት። ምግብ ቤቱን ዘጋች። ሰላጣውን በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሠርታ ለለቀስተኛው ሁሉ አቀረበች። እኔም በላሁ። ያኔ ነው «እናቴ በላች» ያልከው የገባኝ።

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ታዲያ ያን ኪያር የመታው ማነው?» አለችኝ። ወንድሟ አልኳት። «ይምጣ» አለች። «አይመጣም፣ ፊዚክስ አለበት» አልኳት።

ጫማውን ለማሬ ሰጠኋት። ይጠባታል፤ አላወልቅም ብላለች።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ስለ ሞቷ አትጻፍልኝ፤ እሱን ተረድቻለሁ። ስለ እሷ ጻፍልኝ። ካየኋት ቆየሁ፤ ያላየሁትን ጊዜ ስጠኝ። ምን ትል ነበር? ከማን ትጣላ ነበር? እዚህ የሚያውቃት ሰው የለም፣ ብቻዬን ላወራት አልቻልኩም። አደራህን፣ ደብዳቤው ውስጥ ኪያር የሚል ቃል ካገኘሁ እቀደዋለሁ።

አክስትህ የሺ


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሺ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። አባቴ፣ እናቴና ቄስ ገብረየሱስ ነፍስ ይማር ብለዋል። አባቴ ስልኩን ከጉድጓድ አውጥቶታል፤ ደህና ነው፣ ውሃም አልነካውም። እሁድ ይደውላል። ያንን አትክልት ስሙን ሳልጠራ እጽፋለሁ።

ቅድስት በዚህ ዓመት በጣም ተከራካሪ ሆና ነበር። ለራሷ አይደለም፤ ለሰው። ገበያ ውስጥ የማታውቀው ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ከሰማች ማለፍ አይሆንላትም። እኔ እጇን እጎትታለሁ፣ እሷ ትቆማለች። በጥር አንድ ሽማግሌ የዶሮ ዋጋ ሲጠይቁ ሰማች። እሳቸውን ቀስ ብላ ወደ ጎን አደረገችና ከባለዶሮው ጋር ገጠመች።

«ይህች ዶሮ ናት ወይስ ቁራ?» አለችው።

«እመት፣ እንቁላል ጣይ ናት።»

«በየትኛው ጉልበቷ? እንኳን ልትጥል ራሷ ልትወድቅ ነው።»

ሰው ከበበን። ሰውየው ማለ፣ ተገዘተ፣ ዶሮዋን አስነሥቶ አስሄዳት። ቅድስት ዶሮዋ አነከሰች አለች። በመጨረሻ ሰውየው ተሸንፎ ዋጋውን ጣለው፤ ሰዉም አጨበጨበ። ቅድስት ወደ ሽማግሌው ዞራ «ይውሰዱ አባባ» አለቻቸው። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ሥር ሁለት ዶሮ አወጡ። «ልጄ፣ እኔ እንኳ የራሴን ልሸጥ ነበር፤ የቀኑን ዋጋ ልወቅ ብዬ ነው» አሏት።

እትዬ፣ ከዚያ ሽማግሌ ሁለቱን ዶሮ በቀድሞው ዋጋ ገዝታ ነው ቤት የገባችው። እናታችን ያን ዕለት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ይህን ለእናቴ ሳነብላት «አንደኛዋ ዶሮ ቀይ ነበረች» አለች። ሁለቱም ገብስማ ነበሩ አልኳት። ቀይ ናት፣ ገብስማ ናት ተባባልን። አባቴም ገባበት፣ ነጭ ናት አለ። ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሟ እንዲህ ተጮኾ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። አሁንም አልተስማማንም።

ሌላም አለኝ፤ ስትዘፍን የሚጣላት አውራ ዶሮ፣ መንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ፈታኙን የመከረችው፣ የእኔን ካልሲ አድርጋ የእኔ ነው ብላ የማለችው። ሁሉንም እጽፍልዎታለሁ። ዛሬ ግን የዛሬውን ልንገርዎት።

ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ከእስቴ የምትመጣ ሴት አለች። ቅድስት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትጣላት አትገባም ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር «ያቺ ጨቅጫቃ እህትህ የት ጠፋች?» ትለኛለች። እኔም ለእርስዎ እንደማደርገው ስለ ሌላ ሌላው እያወራሁ አልፋት ነበር። ዛሬ ስትጠይቀኝ ቆምኩና ነገርኳት። ማንም አብሮኝ አልነበረም፤ በአፌ ነገርኳት።

ከረጢቷ ላይ ቁጭ አለች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰው ቆሞ ያየን ነበር፤ እኔም አልሸሸሁም፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ አንድ ትልቅ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት አነሣችና የተናገረችውን ዋጋ በግማሽ ጣለችልኝ። «ውሰድ፣ ለእሷ ስል» አለችኝ።

እጄን ልዘረጋ ነበር። ቅድስት ግን በመጀመሪያው ቅናሽ ተስማምታ አታውቅም።

«አሁንም ተወዷል» አልኳት።

የእህትዎ ልጅ፣ የቅድስት ወንድም
ይሻው